የሥራ አስኪያጁ ፖለቲካ እና የድርጅቱ ሒሳብ

በጅማ አንድ የታወቀ ቡና ላኪ ወይም የሆቴል ባለቤት ለምክር ቤት ሊወዳደር መሆኑ፣ የአንድ ፓርቲ የድጋፍ ሰልፍ አስተባባሪ ሆኖ መመረጡ ወይም በስብሰባ መድረክ ከባለሥልጣናት ጎን መቀመጡ በተሰማ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ወዲያው ይወጣሉ። አንዱ ወገን «ከእንግዲህ አለፈለት፤ መሬቱም ብድሩም ደጁ ድረስ ይመጣለታል» ሲል፣ ሌላው «አለቀለት፤ ነገ ሰዎቹ ሲነሡ አብሮ ይነሣል» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል። በጉዳዩ ላይ ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ያህል በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ለሁለቱም ወገኖች ማስረጃ የሚሆን ነገር አላቸው። ቅራኔውን የሚፈታው የድርጅቱ ትርፍ በየትኛው በር እንደሚገባ መመርመር ነው። ትርፉ በመንግሥት በር፣ ማለትም በፈቃድ፣ በመሬት፣ በብድርና በውጭ ምንዛሪ ድልድል በኩል የሚገባ ከሆነ የሥራ አስኪያጁ ፖለቲካ ቢያንስ ለጊዜው ያተርፋል፤ በደንበኛ በር የሚገባ ከሆነ ግን ያከስራል። የጅማ ንግድ፣ በተለይም የቡናው ንግድ፣ ከመጀመሪያው በር ወደ ሁለተኛው በመሸጋገር ላይ ስለሆነ ትናንት ያተረፈው አካሄድ ነገም ያተርፋል ብሎ ማሰብ አደገኛ እየሆነ መጥቷል።

የፖለቲካ ቅርበት ለአንድ ኩባንያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቁጥር ለመለካት ከተደረጉት ሙከራዎች በብዛት የሚጠቀሰው፣ ሬይመንድ ፊስማን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የኢንዶኔዥያ ጥናት ነው። በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ የመጨረሻ የሥልጣን ዓመታት የጃካርታ የአክሲዮን ገበያ ስለ ጤናቸው በሚናፈሰው ወሬ ይናወጥ ነበር፤ ሱሃርቶ ታመሙ፣ ለምርመራ ወደ ጀርመን ሄዱ በተባለ ቁጥር የልጆቻቸውና የቅርብ ወዳጆቻቸው ኩባንያዎች አክሲዮን ከሌሎቹ አብልጦ ይወርዳል። ፊስማን ይህን መውረድ አስልተው፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ኩባንያ ካለው የገበያ ዋጋ እስከ ሩብ የሚደርሰው ከዚሁ ቅርበት የመነጨ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ገበያው የቅርበቱን ጥቅም ባይጠራጠርም ዋጋውን ያሰላው በአንድ አዛውንት ዕድሜ ልክ ነበር፤ ሱሃርቶም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ከሥልጣን ወረዱ።

ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ደግሞ በፓኪስታን የተሠራ ጥናት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑ ተበዳሪ ድርጅቶችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ይህ ጥናት፣ በቦርዳቸው ውስጥ ለምርጫ የተወዳደረ ሰው ያለባቸው ድርጅቶች ከሌሎቹ 45 በመቶ የበለጠ እንደሚበደሩ፣ ብድራቸውን ሳይከፍሉ የሚቀሩበት መጠን ግን በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። አድልዎው የታየው በመንግሥት ባንኮች ብቻ ሲሆን፣ የግል ባንኮች ለእነዚሁ ሰዎች የተለየ ፊት አላሳዩም። በ35 አገሮች የሚገኙና ከፖለቲከኞች ጋር የተሳሰሩ 450 ኩባንያዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ እነዚህ ኩባንያዎች ችግር ሲገጥማቸው መንግሥት ከሌሎች ቀድሞ ይደርስላቸዋል፤ ከተደረሰላቸው በኋላ ግን ውጤታቸው ያለ ወዳጅ እርዳታ ካገኙት ኩባንያዎች ያነሰ ይሆናል። እርዳታው ጉድለቱን ሸፈነው እንጂ አላረመውም ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ድርጅቱ ከፖለቲካ ስለሚያገኘው ነበር። ፖለቲካውም ከድርጅቱ የሚፈልገው አለው፤ ይህኛው ወገን ሲወራ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በቻይና መንግሥት በከፊል ለግል ባለሀብቶች ያስተላለፋቸውን 790 ገደማ ኩባንያዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የቀድሞ ወይም በሥራ ላይ ያለ ባለሥልጣን የሚመራቸው ኩባንያዎች አክሲዮን ለገበያ ከቀረበ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ከሌሎቹ በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ውጤት እንዳሳየ ጽፈዋል። በፈረንሳይ የተገኘው ውጤት ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። ከፖለቲከኞች ጋር በትምህርትና በሥራ የተሳሰሩ ሥራ አስኪያጆች የምርጫ ዓመት ሲደርስ ብርቱ ፉክክር ባለባቸው አካባቢዎች ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ የድርጅታቸው ትርፍ ግን ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ወዳጅነቱ ውለታን ጠይቋል፤ ውለታውም የተከፈለው ከባለአክሲዮኖች ኪስ ነው። በእኛም አገር አንድ ድርጅት «ለአካባቢው ወጣቶች ምን ያህል የሥራ ዕድል ፈጠርክ?» ተብሎ በአዳራሽ ሲጠየቅ ያየ ሰው የፈረንሳዩን ግኝት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የደንበኛው በር የሚሠራበት መንገድ ግን ፍጹም የተለየ ነው። ለዚህ በቅርብ ዓመታት ከታዩት ምሳሌዎች የቴስላን ያህል የተብራራ የለም። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ኢለን መስክ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ምርጫ ለዶናልድ ትራምፕ ድጋፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፤ ከጥር 2025 ጀምሮም የመንግሥት ወጪን እንዲቀንስ የተቋቋመውን አካል መሩ። የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ከአክሲዮን ገበያው ሲሆን፣ ባለሀብቶች መስክ ከቤተ መንግሥት የሚያገኙትን ተስፋ አድርገው የቴስላን አክሲዮን ከምርጫው በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ወደ እጥፍ አስጠጉት። የመኪና ገዢዎች መልስ ዘግይቶ ደረሰ። በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ቴስላ ለደንበኞች ያስረከባቸው መኪኖች 336,681 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ13 በመቶ ያንሳል፤ የሩብ ዓመቱ የተጣራ ትርፍ በ71 በመቶ ወርዶ 409 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በመሸጫ ቦታዎቹ ፊት ለፊት ሰልፍ ተደረገ። አክሲዮኑ በታኅሣሥ ከደረሰበት ከፍታ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩባንያው በዚያ ሩብ ዓመት በብዛት የሚሸጠውን ሞዴል ለመቀየር ፋብሪካዎቹን አዘጋጅቶ ስለነበር የምርቱ መቀነስ ሁሉ የፖለቲካ ውጤት አይደለም፤ የቻይና አምራቾች ፉክክርም ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ይሁንና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ጥናት የመስክ የፖለቲካ አቋም ባይኖር ኖሮ ከጥቅምት 2022 እስከ ሚያዝያ 2025 ባለው ጊዜ ቴስላ በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.26 ሚሊዮን ተጨማሪ መኪኖች ይሸጥ እንደነበር ገምተዋል፤ ከሄዱት ገዢዎች ብዙዎቹ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ መኪኖች ዞረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው የአሜሪካ ከተሜ በአብዛኛው የተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የቆሙት ከራሳቸው ደንበኞች በተቃራኒ ነበር ማለት ነው። ሰኔ 2025 ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአደባባይ በተጣሉ ጊዜ ደግሞ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 14 በመቶ ወረደ፤ ከኩባንያው ዋጋም 150 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነነ። በዓመቱ መጨረሻ አክሲዮኑ አገግሞ ከቀድሞው ከፍታ በላይ ቢደርስም የመኪናው ሽያጭ ግን አልተመለሰም፤ በ2025 ሙሉ ዓመት የተረከቡት መኪኖች ከ2024ቱ በ8.6 በመቶ ያነሱ ነበሩ። የባለአክሲዮኑንና የደንበኛውን ፍርድ ለያይቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደንበኛው ሁልጊዜ ይቀጣል ማለት ግን አይደለም። ጎያ የተባለው የአሜሪካ የምግብ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ በሐምሌ 2020 ትራምፕን በማሞገሳቸው የግዢ እገዳ ቢታወጅባቸውም ደጋፊዎች በብዛት በመግዛታቸው ሽያጩ በ22 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር፤ ጭማሪው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። የሞሮኮው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። በሚያዝያ 2018 በዚያ አገር በማኅበራዊ መገናኛ በተጠራው የግዢ እገዳ ከተመረጡት ሦስት ምርቶች አንዱ የአፍሪኪያ ነዳጅ ማደያዎች ነበሩ፤ ምክንያቱም ባለቤታቸው አዚዝ አኽኑሽ የግብርና ሚኒስትርና የፓርቲ መሪ በመሆናቸው ነው። በእገዳው እጅግ የተጎዳው ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ የገባው የፈረንሳዩ ዳኖን የወተት ኩባንያ ነበር፤ አኽኑሽ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቁጣው የሚነሣበትና ጉዳቱ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መጀመሪያ የሚገጥመን ችግር የመለኪያ እጦት ነው። ፊስማን የጃካርታን ገበያ በየቀኑ ማንበብ ችለዋል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ የጀመረው ግን ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስካሁን የተመዘገቡትም ጥቂት ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ጅማዊ ላኪ የፖለቲካ ተሳትፎ ድርጅቱን ምን ያህል እንዳሳደገው ወይም እንዳጎበጠው የሚናገር የዋጋ ሰንጠረዥ የለንም፤ ያለን ታሪክ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ይናገራል።

ጅማ ራሷ ያደገችው በፖለቲካና በንግድ ስምምነት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ ግብር ለመክፈል በመስማማታቸው ከወረራ ተርፈው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ፤ የሂርማታ ገበያም ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና በዚያ ዘመን በግልጽ ይሸጥ የነበረውን ባሪያ ሳይቀር እያስተናገደ በደቡብ ምዕራቡ አካባቢ ወደር የሌለው ሆነ። ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጡ ነጋዴዎች በንጉሡ ጥላ ሥር ሠርተዋል። ስምምነቱ የሠራው ግን ንጉሡ በሕይወት እስካሉ ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ከእሳቸው ማለፍ ጋር፣ ማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደሩን በቀጥታ ያዘ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ የታወቀ ነው። ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ሰባ ሁለት የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ ከዘውዱ ሥርዓት ጋር የነበራቸው ቅርበት ማንንም አላዳነም፤ እንዲያውም ቅርበቱ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ትእምትን የመሳሰሉ፣ የበላይ ኃላፊዎቻቸው የፓርቲ መሪዎች የሆኑ ግዙፍ ተቋማት በሲሚንቶ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በትራንስፖርትና በቡና ወጪ ንግድ ሳይቀር ተሰማሩ። የፓርቲው ሥልጣን ሲያከትም ምን እንደተከተለ አይተናል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት የ34 ድርጅቶች የባንክ ሒሳብ ታገደ። በእነዚያ ድርጅቶች ውስጥ ፖለቲካ የማያውቁ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2005 ዓ.ም.፣ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ስመ ጥር ነጋዴዎችም አብረው መታሰራቸው ይታወሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተነገረው ለተሿሚው ነው፤ ነጋዴው ግን ሰውዬው ሲሾም ያገኘውን ሰውዬው ሲሻር ከነወለዱ ይከፍላል።

በአካባቢያችን የሊሙን ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በሆራይዘን ፕላንቴሽን በኩል የያዙት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲም በዚሁ ረገድ ሊነሡ የሚገባቸው ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ገዥውን ፓርቲ በአደባባይ ደግፈዋል፤ ከመንግሥት ወደ ግል ከተዛወሩ ድርጅቶች በርካቶቹን ገዝተዋል። በ2010 ዓ.ም. እሳቸው በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው ሳሉ፣ በግንቦት ወር፣ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ከነዋሪዎች ተቃውሞ በኋላ ታገደ። ነዋሪዎቹ ያነሡት የጤናና የአካባቢ ብክለት ጥያቄ ስለሆነ የእገዳውን ምክንያት በፖለቲካ ብቻ ማስረዳት ተገቢ አይሆንም። ግን አንድ ነገር ታይቷል፤ በብዙ ሺህ ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ የድርጅቶች ስብስብ በአንድ ሰው ስም ሲታወቅ፣ ሰውዬው ሲርቁ ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚከራከርለት ይጠፋል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ የጅማ ጉዳይ እዚያ ነውና። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ቡና መላክ ለብዙ ነጋዴዎች በራሱ የትርፍ ምንጭ አልነበረም። የባንክ የዶላር ዋጋ ከጥቁር ገበያው እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ አንዳንድ ላኪዎች ቡናውን ከገዙበት ዋጋ በታች በውጭ ይሸጡና ባገኙት ዶላር መኪና፣ የግንባታ ዕቃ ወይም ሌላ ሸቀጥ አስገብተው ኪሳራውን ያካክሱ ነበር። የውጭ ምንዛሪ በወረፋ በሚታደልበት አገር ወረፋውን የሚያሳጥር ስልክ ከማንኛውም የቡና ጣዕም ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ የላኪው ጊዜ ከማጠቢያ ጣቢያው ይልቅ በቢሮዎች በረንዳ ላይ ቢያልፍ የሚገርም አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ፖለቲካ ውስጥ መግባት የንግድ ውሳኔ ነበር፤ እንዲያውም ከንግድ አንጻር ብቻ ካየነው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን የዚህ ስሌት መሠረት ተናጋ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ጨርሶ ባይጠፋም ጠበበ፤ ላኪውም ካገኘው ምንዛሪ ከበፊቱ የሚበልጠውን ድርሻ በእጁ እንዲያቆይ ተፈቀደለት። ቡናን በኪሳራ ሽጦ በሸቀጥ ማካካስ ትርጉሙ ቀነሰ። ከዚያ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ አምራቹና አቅራቢው በምርት ገበያው ወለል ብቻ ሳይሆን በቀጥታም ከላኪ ጋር እንዲሠሩ በር ከፍቶ ነበር። በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ሕግ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ቢራዘምም፣ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ እስከ መለየት እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ሃምቡርግ ያለ ገዢ የጌራን ወይም የሊሙ ኮሳን ገበሬ ማሳ መረጃ ሲጠይቅ፣ በዚህ በኩል ያለው ላኪ የሚያውቀው ባለሥልጣን ብዛት ምንም አይፈይድለትም፤ የሚፈይድለት ከሰብሳቢው ጀምሮ የያዘው መዝገብ ነው።

የደንበኛው በር ምን እንደሚያስገባ ለማየት ከጅማ ወደ አጋሮ መንገድ መውጣት ይበቃል። የጅማ ቡና ለብዙ ዓመታት በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ፣ በጀንፈሉ በሚደርቅ ቡና ነበር። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአካባቢው ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው አነስተኛ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን መትከል ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የዱሮሚና ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ማኅበራትም ከመንግሥት ፍጹም የራቁ አይደሉም፤ የሚያደራጃቸውና የሚቆጣጠራቸው ቢሮ አለ፣ ለማጠቢያ መሣሪያውም ብድር አስፈልጓል። ነገር ግን የዋጋ ብልጫውን ያመጣላቸው የቀማሾች ውጤት ነው፤ ቀማሽ ደግሞ ሲኒውን የሚያነሣው የማን እንደሆነ ሳይነገረው ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ የማይወራለት ኪሳራ የጊዜ ነው። መስክ በሚያዝያ 2025 ለመንግሥት ሥራ የሚሰጡትን ጊዜ እንደሚቀንሱ ለባለሀብቶች ሲናገሩ የቴስላ አክሲዮን በማግሥቱ ተሻሽሏል፤ በጊዜው የነበረው ቅሬታ ስለ አቋማቸው ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል። ቴስላ ግን ሥራ አስኪያጁ ባይኖርም ፋብሪካውን የሚያስኬዱ በርካታ ኃላፊዎች አሉት። የጅማ ድርጅት ይህ የለውም። ባለቤቱ ራሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ራሱ ገዢ፣ ራሱ የባንክ ፈራሚ ነው፤ የቡናውን ጥራት በእጁ አፍሶ የሚለየውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእሸት ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በኮሚቴ ስብሰባ፣ በአቀባበልና በምርቃት ሥነ ሥርዓት ሲውል የሚገዛውን ቡና የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፤ የገንዘቡ ውል የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የምስጋና የምስክር ወረቀቶች ብዛትና የመጋዘኑ ጥራት ብዙ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚታየው በሌላ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ መከራከሪያ በደንብ ሊመለስ ይገባዋል። «በእኛ አገር ገለልተኛ መሆን ምርጫ አይደለም፤ ያልተሳተፈ ሁሉ ተቃዋሚ ይባላል» የሚለው ነው። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» እራት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር፣ ከዓመት በኋላ የመጣው «ገበታ ለሀገር» ደግሞ 10 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ከዚያ በታች ባለው እርከንም በየከተማው የሚጠየቀው መዋጮ ዓይነቱ ብዙ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ለተጠራ ልማት በድርጅቱ ስም፣ በደረሰኝ፣ በሒሳብ መዝገብ ተይዞ የሚሰጥ ገንዘብና ባለቤቱ በግሉ ከአንድ ባለሥልጣን ወይም ከአንድ የፓርቲ ክንፍ ጋር የሚፈጥረው ቁርኝት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ራሱ ያውቀዋል፤ ለልማት ጥሪ የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይያዛል። መንግሥት ሲቀየር ደረሰኙ ለድርጅቱ ይመሰክርለታል። ለሁለተኛው ግን ምስክር የለውም፤ ያለውም ምስክር ወሬ ነው።

ወሬው ደግሞ በአገራችን ሩቅ ይጓዛል። ፓርቲዎቻችን በአብዛኛው በብሔር የሚለዩ በመሆናቸው የሥራ አስኪያጁ አቋም የደንበኛን ቅሬታ ብቻ አያስከትልም፤ ከጅማ እስከ ጅቡቲ ባለው መንገድ ላይ ያለን የጭነት መኪና፣ በሌላ ክልል ያለን መጋዘንና ቅርንጫፍ ሁሉ አብሮ ያሰጋል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በባሕር ዳር አቅራቢያ የተቃጠለው ኢስመራልዳ የተባለው የኔዘርላንድ የአበባ እርሻ ባለቤቶቹ የአገር ውስጥ ፖለቲካ ውስጥ አልነበሩም፤ መሬቱን ከመንግሥት ማግኘታቸው ብቻ ለተቆጣው ሕዝብ በቂ ምልክት ሆኗል። እርሻው ሳይናገር እንዲህ ከተቆጠረ፣ በአደባባይ የተናገረ ሥራ አስኪያጅ ድርጅት እንዴት እንደሚቆጠር መገመት አይከብድም። ለዚህ አደጋ የሚከፈል የመድን ዋስትናም ዋጋው በዚያው ልክ ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ነጋዴ ፖለቲካ ውስጥ አይግባ ማለት ትክክል አይሆንም። ዜጋ ነው፤ ግብር ይከፍላል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱና ስለ ቡናው ሕግ ከማንም በላይ ያውቃል። የአዋሽ ባንክ መሥራች አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ያደረጉት ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባል። ከደርግ በኋላ የመጀመሪያ የሆነውን የግል ባንክ በ1987 ዓ.ም. ካቋቋሙና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመሩ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆነው ምክር ቤት ሲገቡ የባንኩ ዋና ፈራሚ እሳቸው አልነበሩም። ባንኩ የመሥራቹን ተቃዋሚነት ተሸክሞ አልቆመም፤ ዛሬም ከአገሪቱ ግዙፍ የግል ባንኮች አንዱ ነው። ሁለቱን የለየው የኃላፊነት ርክክብ ነበር።

የጅማን ድርጅቶች ይህን ርክክብ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ ግን ያለ አይመስልም። የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲን ከንግድ ይከለክላል እንጂ ነጋዴን ከፓርቲ አይከለክልም፤ ሊከለክልም አይገባም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች የጥቅም ግጭታቸውን እንዲያሳውቁ ይደነግጋል፤ የእኛ ከተማ ድርጅቶች ግን በአብዛኛው ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች የተመዘገቡበት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም የግለሰብ ንግድ ስለሆኑ የሚያሳውቁለት ጉባኤ የላቸውም። እስካሁን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አቅሙም ምክንያቱም ያለው አበዳሪው ባንክ ብቻ ነው። ለቡና ግዢ ወቅታዊ ብድር ሲጠየቅ ባንኩ የመያዣውን ቤት ካርታና ያለፈውን ዓመት የወጪ ንግድ መጠን ይመረምራል፤ ባለቤቱ ለምክር ቤት ቢመረጥ ወይም ቢሾም ማን ይፈርማል፣ ከሦስት ዓመት ገቢ ውስጥ ምን ያህሉ ከመንግሥት ጨረታ ወይም ከተለየ ፈቃድ የመጣ ነው፣ ያ ፈቃድ የሚታደሰው በማን ፊርማ ነው የሚሉት ጥያቄዎች ግን በብድር ማመልከቻ ቅጾች ላይ ሲቀርቡ አይታዩም። ፓኪስታን ውስጥ የግል ባንኮች ከፖለቲከኞች ብድር የተረፉት እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች በመጠየቃቸው ይሁን ወይም ትእዛዝ የሚሰጣቸው ባለመኖሩ፣ ለእኛ የግል ባንኮች ሁለቱም ምክንያቶች ይሠራሉ፤ የሚቀረው ከመጪው የለቀማ ወቅት በፊት ቅጹ ላይ መጨመር ነው።